ዳንቴል የለበሰው ማሽን

በ2001 ዓ.ም. ኅዳር ወር አጋማሽ፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ቦንጋ ከሚገኘው የዩኒቨርሲቲያችን የምርምር ላቦራቶሪ ብቸኛው ብርቱ ኮምፒውተር ተነቅሎ በኃላፊው ቢሮ ተቀመጠ። ከመነሣቱ በፊት በውስጡ የነበረው የእኔ ስሌት በሙሉ ተደመሰሰ። አልተሰረቀም፤ አልተቃጠለም፤ መብረቅም አልመታውም። በሥራ ሰዓት፣ በትእዛዝ፣ ለሥራው በተቀጠረ እጅ ጠፋ። ያዘዘው ሰው ማን እንደሆነ እስከዛሬ አልተነገረኝም።

ይህን ሳስታውስ «ያለፈ ነገር ነው» የሚሉኝ አሉ። ያለፈ መሆኑን አላጣሁትም። ያላለፈው መልሱ ነው።

ክፍሉ ቀድሞ የዘር መጋዘን ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ በመሆኑ ዝናብ ሲወርድ፣ ቦንጋ ላይ ደግሞ ዝናብ የማይወርድበትን ወር መቁጠሩ ይቀላል፣ አጠገብ ላለ ሰው እንኳ መጮህ ያስፈልግ ነበር። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ቀዩ ጭቃ ሲደርቅ አቧራ ይሆናል፣ አቧራው ወደ ማሽኑ ማራገቢያ ይገባል። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን እንደ ሴት ወግ አዩት። «ቤቷ መሰላት» ይሉ ነበር፣ ጫማቸውን እየፈቱ።

የነበረን መሣሪያ ይህ ነው፦ ለስልጠና የመጡ፣ አርጅተው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት የተላኩ ኮምፒውተሮች፤ ሁለት የጽሕፈት ኮምፒውተሮች፤ አንድ ማተሚያ፤ አንድ ስታቢላይዘር፤ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ አንድ ዩፒኤስ፤ እና ሰርቨሩ። ሰርቨር የምለው ለከባድ ስሌት ተብሎ የተሠራውን፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ የነበረውን፣ ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ እንዲሠራ የታሰበውን ማሽን ነው። ከእኔ በቀር የሚያሠራው ሰው አልነበረም። ይህን በኩራት አልናገርም፤ እንዴት እንደሚያሠሩት ለባልደረቦቼ ላሳይ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ይዤ ሁለቱንም ጊዜ ብቻዬን ተቀምጬ ተመልሻለሁና። ይልቅ በር ላይ ቆመው «እህቴ፣ ይቺን ሁለት ገጽ ታይፕ ብታደርጊልኝ» ይሉኝ ነበር። ማስተርሱን ገና ያልጨረሰውን ወጣት ባልደረባችንን ለማበረታታት «ዶክተር» ብለው ይጠሩታል። እኔ ከነዶክትሬቴ «እህቴ» ነበርሁ።

ሥራዬን ለመግለጽ ብዙ ቃል አያስፈልግም። ከደካ፣ ከዋጫና ከቦንጋ ዙሪያ ጫካዎች የቡና ዛፎችን ቅጠል ሰብስቤ ነበር። ከየቅጠሉ የተገኘው የዘር መለያ በቁጥር ተገልጿል። ማሽኑ እያንዳንዱን ዛፍ ከሌላው ሁሉ ጋር እያነጻጸረ ማን ከማን እንደሚዛመድ ያሰላል። በጫካው ውስጥ፣ ፍሬን ገና በአረንጓዴነቱ የሚያጠቁረው በሽታ የማይነካቸው ዛፎች አሉ። የእኔ ጥያቄ እነዚህ ዛፎች አንድ ዘር ናቸው ወይስ አይደሉም የሚል ነበር። አንድ ዘር ከሆኑ በሽታውን የሚቋቋሙት ከትውልዳቸው ነው፤ ቢባዙ ይጠቅማሉ፣ ቢነቀሉ ዳግም አይገኙም።

ከእነዚህ ዛፎች ብዙዎቹ ዋጫ አጠገብ፣ በአንዲት ባሏ የሞተባት ገበሬ ተዳፋት ላይ ነበሩ። በቀይ ቀለም ግንዳቸው ላይ ምልክትና ቁጥር ያደረግሁባቸው እኔ ነኝ። በዚያ ዓመት የልማት ሠራተኛው አሮጌ ቡና እየተነቀለ በክረምቱ የተሻሻለ ችግኝ እንደሚተከል ለመንደሩ አስታውቆ ነበር። ሴትዮዋ የቤት ቋንቋቸው ካፊኖኖ ነው፤ አማርኛውን ለገበያና ለቢሮ ነው የሚያወጡት። «ቀይ ያለውን ልንቀል፣ ልተው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይንቀሉ። በየካቲት መልሱን ይዤ እመጣለሁ» አልኋቸው።

ይህን ያልሁት ለማጽናናት አልነበረም። አስልቼ ነው። ናሙናው ተሰብስቧል፣ ፕሮግራሙ ተጽፎ ተፈትኗል፣ ስሌቱም ከግማሽ በላይ ሄዷል። መብራት በየጊዜው ስለሚጠፋ ሥራውን ቆራርጬው ነበር፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ይጀመራል፣ ለብቻው ያልቃል፤ መብራት ቢሄድ የሚጠፋው በእጅ ያለው ቁራጭ ብቻ ነው። የመብራቱን መጥፋት ሁሉ አስቤበት ነበር። ያላሰብሁት የወንበሩን ሕግ ነው።

የወንበሩ ሕግ እንዲህ ነው። በመሥሪያ ቤታችን ባለ እጀታና ተሽከርካሪ ወንበር የኃላፊ ነው። እጀታ ያለው፣ ግን የማይሽከረከር፣ የቡድን መሪ ነው። እጀታ የሌለው የባለሙያ፤ መደገፊያ የሌለው ዱካ ደግሞ የተቀረው ሰው ሁሉ። ይህን ሕግ ማንም ጽፎት አያውቅም፤ ማንም ግን አይሳሳትበትም። በዚያ ዓመት ቢፒአር የሚባለው የሥራ ሂደት ለውጥ ገባና ኃላፊው «የሥራ ሂደት ባለቤት» ተባሉ። አዲስ ስም አዲስ ዕቃ ይፈልጋል። ዕቃ ሁሉ በደረጃ እንደገና ሲደለደል ኮምፒውተሩም በወንበሩ ሕግ ገባ፤ ትልቁ ማሽን ለትልቁ ወንበር። ማሽኑ ምን እንደሚሠራ የጠየቀ አልነበረም። ወንበርንስ ምን ትሠራለህ ብሎ ማን ይጠይቀዋል?

ሰኞ ዋጫ ነበርሁ። ማክሰኞ ስገባ በሩ ላይ አንድም ጫማ አልነበረም፤ ወለሉ ላይ ግን የጭቃ ዱካ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የማሽኑን መጠን የሚያህል ንጹሕ ቦታ ብቻ ቀርቷል። የጥገና ባለሙያው ኬብሎቹን እየጠቀለለ አገኘሁት።

«ዶክተርዬ፣ በእኔ አይፍረዱ» አለኝ፣ ሰላምታ ሳይሰጠኝ።

«ዲስኮቹስ?»

«ፎርማት ሆነዋል።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም። የሰው ሥራ ያለበት ማሽን ለኃላፊ አይገባም፣ አዲስ ሆኖ ይምጣ ተባለ።»

«ማን አለ?»

«ከላይ ነው።»

«ከላይ ያለው ቆርቆሮ ነው። ማን?»

ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው መልሶ ዋጠው። «እኔ የልጆች አባት ነኝ፣ ዶክተርዬ» አለና ኬብሉን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ።

ኃላፊው ዘንድ ሄድሁ። ማሽኑ ከጠረጴዛቸው ጎን ቆሞ ማራገቢያው ይጮኽ ነበር። እንደነዚህ ያሉ ማሽኖች ይጮኻሉ፤ ሰው በሌለበት ክፍል እንዲቀመጡ ነው የተሠሩት።

«እህቴ፣ ግቢ፣ ግቢ። ይኼ ነገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጮኸው?»

«ሁልጊዜ ነው። በውስጡ የነበረው ሥራዬ እንዲደመሰስ ያዘዙት እርስዎ ነዎት?»

«ኮፒ አላስቀመጥሽም እንዴ? የተማረ ሰው ኮፒ ያስቀምጣል።»

«ኮፒው በሁለተኛው ዲስክ ላይ ነበር። ያን የሚያህል ሥራ የሚይዝ ሌላ ዕቃ ላቦራቶሪው የለውም፤ ጠይቄ አልተፈቀደልኝም። ያዘዙት እርስዎ ነዎት?»

«እንግዲህ የአሠራር ለውጥ ላይ ነን። ሁላችንም መሥዋዕትነት እንከፍላለን» አሉና ስልካቸውን አነሡ። ስልኩ አልጠራም ነበር።

ጩኸቱን የቻሉት እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ነው። ከዚያ ማሽኑን አጥፍተው ወደ ላፕቶፓቸው ተመለሱ። ጸሐፊያቸው በእጇ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል አለበሰችው፤ በላዩ የፕላስቲክ አበባ አስቀመጠችበት። እርሷን አልወቅስም፤ ቢሮውን ማስዋብ ከእርሷ የሚጠበቅ ነበር። በየሳምንቱ ሳልፍ እጠይቃት ነበር፤ እርሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትመልስልኛለች።

«በርቶ ያውቃል እንዴ?»

«ኧረ የት በርቶ፣ እትዬ። የምነካው እኔ ነኝ፣ እሱንም አቧራ ስጠርግ።»

በታኅሣሥ ግምገማ ተጠራ። የዚያን ዘመን ግምገማ ያላየ ሰው ስብሰባ ይመስለዋል። ስብሰባ አይደለም። አንድ ሰው ይነሣል፣ ሌሎች ስለ እርሱ ይናገራሉ፣ በመጨረሻ ሰውየው ግለ ሂስ ያደርጋል፤ ማለትም በራሱ ላይ ይመሰክራል። በእኔ ላይ የቀረበው የመንግሥትን ሀብት በግል መያዝ ነበር፤ ስሙም ተዘጋጅቶለት ነበር፣ ኪራይ ሰብሳቢነት። ለዓመት ያህል አንድ ማሽን ለብቻዬ ይዣለሁ፤ ሰው ጫማ ካላወለቀ አላስገባም ብያለሁ፤ ለባልደረባ ሁለት ገጽ አልጽፍም ብያለሁ።

ከኋላ አንዱ፣ «ማሽኑን ባል አድርጋው ኖሮ ነው! አሁን አፋቷት!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። «ባል ቢሆንማ ሽማግሌ ተልኮ በተጠየቅሁ ነበር። እናንተ ሳትጠይቁ ነው የወሰዳችሁት፤ ይህ በካፋም በሌላም አገር ጋብቻ አይባልም፤ ጠለፋ ነው» አልሁ። የሳቁት ራሳቸው እንደገና ሳቁ፤ በዚህኛው ግን የመጀመሪያው ሰው አልሳቀም።

ኃላፊው እጃቸውን አነሡ። ችሮታ በሚያድል ድምፅ ተናገሩ። «እህታችን ጥፋቷን ተቀብላ ግለ ሂስ ታድርግ። ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን ቢሮዬ ገብታ በማሽኑ ትጠቀም። እኛ ሰው አንጥልም።»

ከተቀመጡት መካከል ጥቂቶቹ አዩኝ፤ «ተቀበዪ» የሚል ዓይን ነበር። አንዷ ቀሚሴን ጎተተችኝ።

«ግለ ሂስ የሚያደርገው የበደለ ነው» አልሁ። «በዚህ ጉዳይ የተበደልሁት እኔ ነኝ። ዲስኮቹ እንዲደመሰሱ ማን እንዳዘዘ ይነገረኝ። ሲነገረኝ እቀመጣለሁ።»

ሰብሳቢው ወረቀታቸውን ገለጡ። ስለዚህ አልተቀመጥሁም። ሰብሳቢው ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው። እኔ በመካከላቸው ቆሜ ነበር። ሻይ ሲመጣ ቆሜ ጠጣሁ። ከኋላዬ የተቀመጠው ሰው ሰብሳቢውን ለማየት አንገቱን ወዲያና ወዲህ ሲያደርግ ይሰማኝ ነበር። አንድ ጊዜ «ትቀመጥ በሏት እንጂ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሰብሳቢው ግን ወደ እኔ ለማየት አልፈለጉም፤ ካዩኝ ጥያቄውን መስማት ሊኖርባቸው ነው። ስብሰባው ሲያልቅ ሁሉም ተነሡ፤ ያን ጊዜ እንደ እኔው ቆሙ። ልዩነቱ እነርሱ ሊሄዱ መቆማቸው ነበር።

በር ላይ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ፣ ጡረታ የቀረባቸው ሰው፣ ጠበቁኝ። «ልጄ፣ እግርሽን አላመመሽም?»

«አሞኛል፣ ጋሼ።»

«እነዚያ ግምጃ ቤት የተጣሉት ኮምፒውተሮች ይሆኑሻል? የተወገደ ዕቃ ደረጃ የለውም። ብትወስጃቸው የሚቀናብሽ ወንበር የለም።»

ወሰድኋቸው። በአንደኛው ውስጥ አይጥ ወልዳበት ነበር፤ ሁለቱ ፈጽሞ አልተነሡም፤ ከእነርሱ መለዋወጫ እየፈታሁ ሰባቱን አስነሣሁ። በኔትወርክ ኬብል አያያዝኋቸው። መብራት ስለሚጠፋ የቆራረጥሁት ስሌት አሁን በሌላ መልኩ ጠቀመኝ፤ ለእያንዳንዱ ደካማ ማሽን አንድ አንድ ቁራጭ ሰጠሁት። ያልተሰላው ጥሬ መረጃ በሲዲ ቤቴ ስለነበር ከዚያ ጀመርሁ። ክፍሉ እርጥብ በመሆኑ ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛው ሥር አምፖል አብርቼ እስኪሞቅ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ አንድ በአንድ አስነሣቸዋለሁ። ሁሉም የተለያየ ድምፅ ነበራቸው፤ የታመመውን ሳላይ እለየው ነበር።

ባልደረቦቼ «የሽማግሌዎች ጉባኤ» የሚል ስም አወጡላቸው። በር ላይ ቆመው፣ «ዛሬስ ሽማግሌዎቹ ምን ፈረዱ?» ይሉኛል።

«ገና እየመከሩ ነው» እላለሁ። «ጫማህን አውልቅና ገብተህ ስማ።»

ማንም አልገባም።

ግለ ሂሱን ብቀበል ኖሮ ሥራው በጊዜ ያልቅ ነበር የሚሉኝ ሰዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ በቅንነት። ይህንንም አስልቼዋለሁ። ዲስኮቹ ባዶ ናቸው፤ ሥራው በየትኛውም ማሽን ከመጀመሪያው ነው የሚጀመረው። ትልቁ ማሽን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ኃላፊው ጩኸቱን እስከቻሉበት ሰዓት ብቻ፣ ሰባቱ አሮጌዎች በሳምንት የሚጨርሱትን አይጨርስም። ስለዚህ ትዕቢቴ ማንንም አንድ ቀን አላዘገየም። ያዘገየው ያ ማሽን በኅዳር መነቀሉ ነው። በቦታው ቢቀር ስሌቱ በየካቲት ያልቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ የጨረሱት በሰኔ ነው።

ውጤቱ ግልጽ ነበር። ቀይ ምልክት ያደረግሁባቸው የዋጫ ዛፎች አንድ ዘር ናቸው። ከደካም ከቦንጋም ካገኘኋቸው መካከል አንዱም የዚያ ዘር አይደለም።

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ሺሺንዳ ላይ የገበያ ቀን ስለነበር ብዙ ቆመን፤ ዝናቡ መስኮቱን እየመታ ሰዎች ዶሮና ከረጢት ይጭኑ ነበር። ዋጫ ወርጄ ተዳፋቱን በእግሬ ወጣሁ። ከላይ ስደርስ ቦታውን የተሳሳትሁ መሰለኝ። ጥላው የለም። በረድፍ የተተከሉ፣ ጉልበት የማይደርሱ ችግኞች ብቻ ነበሩ።

ሴትዮዋ ከቤታቸው ወጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር።

«የካቲት አልሽ» አሉኝ። «የካቲት ጠበቅሁ። መጋቢትም ጠበቅሁ። ልማቱ ልጅ ‹አትመጣም፣ ዶክተር ናት፣ ረስታለች› አለ። ሚያዝያ ነቀሉ።»

«አልረሳሁም። ዛሬ መጥቻለሁ።»

«መጣሽ፣ እሺ። ቀዩ እንዴት ነበር? ጥሩ ነበር?»

ሊዋሽ የሚችል ሰው እዚህ ላይ ይዋሽ ነበር። «ጥሩ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነበር» አልኋቸው።

ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ፍየሎቹ በረት ወሰዱኝ። አጥሩ የተሠራው ከቡና ግንድ ነው። በአንደኛው ግንድ ላይ፣ ቅርፊቱ ባልተላጠበት በኩል፣ በእጄ የጻፍሁት ቀይ ቁጥር ነበር። ዝናብ አላስለቀቀውም፤ ቀለሙን የመረጥሁት ዝናብ እንዳያስለቅቀው ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ከዋናው ግቢ እንግዶች መጡ። ኃላፊው በቢሯቸው ዳንቴሉን በሁለት ጣታቸው ገለጥ አድርገው፣ «ይህ ከፍተኛ የማስላት አቅም ያለው ማሽናችን ነው፤ ለተመራማሪዎች ሁሉ ክፍት ነው» አሉ። እንግዶቹ ያንኑ በላቦራቶሪው ማስተዋወቂያ ላይ በመሣሪያዎቻችን ዝርዝር አናት አሰፈሩት። ሰባቱ ሽማግሌዎች አልተጠቀሱም፤ የተወገደ ዕቃ ደረጃ የለውም። እኔ በሩ አጠገብ ነበርሁ። «በዚህ ማሽን የተሠራ አንድ ሥራ ይንገሯቸው» አልሁ። ኃላፊው ፈገግ ብለው፣ «እህታችን ቀልደኛ ናት። ይህን በቢሮ እንነጋገርበታለን» አሉ። አልተነጋገርንም። እንግዶቹ ወደ ምሳ ሄዱ፤ ዳንቴሉም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ስለዚህ የቢሮውን ንግግር እዚህ እጀምረዋለሁ። ይቅርታ አልጠይቅም፤ ይቅርታም አልፈልግም፤ ማሽኑም ይመለስልኝ አልልም፤ ዛሬ ማንም የማይፈልገው ብረት ሆኗል። ያን ላቦራቶሪ የመራችሁና ማሽኑን ለተመራማሪዎች ሁሉ ክፍት ነው ብላችሁ ያስተዋወቃችሁ፣ አንድ ነገር መልሱልኝ። ከኅዳር አጋማሽ 2001 ዓ.ም. ጀምሮ የዋጫ ዛፎች እስከተነቀሉበት እስከ ሚያዝያ ድረስ በዚያ ማሽን ላይ የተሠራ አንድ ስሌት ጥቀሱ፤ ማን እንደሠራውና ምን እንዳገኘበት ጨምራችሁ። ሁለት አልጠይቅም። አንድም ከሌለ «የለም» ብላችሁ ጻፉ፤ ከሥሩም ዲስኮቹ እንዲደመሰሱ ያዘዘው ሰው በገዛ ስሙ ይፈርምበት።